ሦስት ሰፊዎች የሚሰፉትን የቁርጥራጭ ካሬ በአንድ ልክ ማውጣት

ድርና ማግ (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። አረብ ሰፈር አካባቢ ባለች አነስተኛ የስፌት ቤት ሦስት ሆነን እንሠራለን። ዋና ሥራችን የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃና አንሶላ ሲሆን፣ ከዚህ የሚተርፈው ረጃጅም ቁራጭ በጆንያ እየተሞላ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ይከማቻል። ይህንኑ ቁራጭ በእኩል ስፋት እንደ ጥብጣብ እየቆረጥን፣ ጥብጣቦቹን ጎን ለጎን እየገጠምን፣ የተገጠመውን በካሬ እየቆረጥን የአልጋ ልብስ መሥራት ጀምረናል። ሦስት ጥብጣብ ያለው አንድ ካሬ ቁም፣ ቀጣዩ አግድም እየሆነ ሲደረደር፣ ቀለሙ ደረጃ እየሠራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚሄድ መልኩ ያምራል፤ ደንበኛም ይጠይቀዋል።

ያስቸገረን ልኩ ነው። ሁላችንም ጥብጣቡን በ6.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንቆርጣለን፤ ሦስቱ ተገጥመው ሲያልቁ ግን የአንዷ 16.5፣ የሌላዋ 16.1፣ የሦስተኛዋ ደግሞ 15.7 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። እነዚህን ካሬዎች ለማጋጠም ሲሞከር ማዕዘን ከማዕዘን አይገናኝም። ረጅም ጥብጣብ ስንገጥም ደግሞ ስፌቱ ካለቀ በኋላ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። ሁሉንም በትንሹ ልክ መከርከም እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሚከረከመው የዳሩ ጥብጣብ ብቻ በመሆኑ ከመሃለኛው እየቀጠነ ሥራውን ያሳጣል። በሦስት ሰው እጅ የተሰፋውን ያለ ክርከማ በአንድ ልክ የምናወጣው በምን ዘዴ ነው?

የእግር መኪና (አዳማ)

እህቴ፣ መልሱ በሰጠሻቸው ቁጥሮች ውስጥ አለ። በሦስት ጥብጣብ መካከል የሚያልፈው ስፌት ሁለት ነው። አንድ ስፌት ከታሰበለት መስመር 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ከግራውም ከቀኙም ጨርቅ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚበላ 2 ሚሊ ሜትር ይጎድላል፤ በሁለቱ ስፌቶች 4 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ 16.5ቱን ትክክለኛ ልክ ብንወስድ፣ 16.1 ያወጣችው ሰፊ በየስፌቱ 1 ሚሊ ሜትር፣ 15.7 ያወጣችው ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር አሳልፋለች። ሁለቱም በየራሳቸው መስመር ቀጥ ብለው እንደሰፉ ቁጥሩ ይመሰክርላቸዋል፤ የተለያየው መስመሩ ነው።

የጨርቁን ዳር ከመኪናው እግር፣ ማለትም ጨርቁን ከመርፌው ሥር ከሚጫነው ብረት፣ ጠርዝ ጋር እያስተካከላችሁ የምትሰፉ ይመስለኛል። የእግር ስፋት ከመኪና መኪና ይለያያል፤ አሮጌ የእግር መኪናና አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ቤት ሲኖሩ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ልኩ ከመርፌው ይነሣ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሚሊ ሜትር የተሰመረበት የግራፍ ወረቀት ገዝታችሁ ዳሩን በመስመሩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዳሩ 7.5 ሚሊ ሜትር በሚርቀው መስመር ላይ መርፌውን መንኮራኩሩን በእጅ እያዞራችሁ አውርዱት፤ እግሩንም ጣሉበት። ከዚያም የወረቀቱን ዳር ተከትላችሁ በመርፌው ቀኝ ባለው የብረት ሳህን ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ፕላስተሩ ሁለት ሦስት ድርብ ከሆነ የጨርቁ ዳር ተደግፎበት ይሄዳል። ጨርቁን ከሥር የሚስበውን የጥርሱን ቦታ ብቻ እንዳትሸፍኑ። ለሦስቱም መኪና ያው አንዱ ወረቀት ይሁን።

7.5 ያልኩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከ6.5 ሴንቲ ሜትር ላይ በሁለት ወገን የሚሄደው የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ዳር ያለው) 1.5 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ በፊት የሚታየው ጥብጣብ ድፍን 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የካሬው ስሌት ሁሉ ቀላል የሚሆነውም በዚህ ነው።

የመስመር ሰፊ (ሐዋሳ)

ጋሼ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ እዚያ በስፌት መስመር ላይ ሠርቻለሁ። በመስመር ላይ ሰፊዋ ብትቀየርም ልኩ አይቀየርም፤ ምክንያቱም ጨርቁን የሚመራው ብረት በመኪናው ላይ ታስሮ ስለሚቀመጥ፣ አዲስ የመጣችውም ልጅ የቆየችውም በዚያው ብረት ተደግፈው ይሰፋሉ። ፕላስተሩ የዚያን ብረት ሥራ ይሠራላችኋል።

ፕላስተሩን ለጥፋችሁ ስትፈትሹ ግን ጠቅላላውን ስፋት ብቻ ለክታችሁ አትመኑ። መሃለኛውን ጥብጣብ በፊቱ በኩል፣ ከተተኮሰ በኋላ፣ ከስፌት እስከ ስፌት ለኩት። የዳሮቹ ጥብጣቦች ሲቆረጡ ትንሽ ሰፍተው ከሆነ የስፌቱን ጉድለት ሊደብቁት ይችላሉ፤ በሁለት ስፌት መካከል የታሰረው መሃለኛው ጥብጣብ ግን አይደብቅም። ልቅም ያለ 5 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። 4.9 ከወጣ የሰፊዋ ጥፋት አይደለም፤ ጨርቁ በስፌቱ ላይ ሲታጠፍ ውፍረቱ ራሱ ትንሽ ቦታ ይወስዳል፣ በተለይ ወፍራሙ የዩኒፎርም ጨርቅ፣ ጋባርዲን ሲሆን። ያን ጊዜ ፕላስተሩን አንድ የክር ውፍረት ያህል ወደ መርፌው አስጠግታችሁ እንደገና መሞከር ነው።

መጉበጡ ከሌላ ምክንያት ይመጣል። የመኪናው ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ወደ ፊት ይስባል፤ እግሩ ደግሞ የላይኛውን ይዞ ያዘገየዋል። ሁሉንም ስፌት ከአንድ ጫፍ ብቻ ከጀመራችሁ ይህ ልዩነት በአንድ አቅጣጫ እየተደራረበ ጥብጣቡን ያጎብጠዋል። የመጀመሪያውን ስፌት ከላይ ወደ ታች ከሰፋችሁ ሁለተኛውን ከታች ወደ ላይ ስፉት፤ አንዱ የሌላውን ያቃናል። ከኋላ በኩል ጨርቁን በእጅ መጎተት ደግሞ ፈጽሞ ይቅር። የስፌቱ እርምጃ (ከአንዱ የመርፌ ውጊያ እስከ ቀጣዩ ያለው) 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ የተገጠመው ጨርቅ በካሬ ሲቆረጥ ስፌቱም አብሮ ስለሚቆረጥ በየጫፉ ቋጠሮ አይኖርም፣ እርምጃው ረጅም ከሆነም በእጅ ሲነካ ይተረተራል።

ድርና ማግ (ሐዋሳ)

ጋሼም እህቴም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱንም መኪና በአንድ ወረቀት ለክተን ፕላስተር ለጥፈናል፤ መሃለኛው ጥብጣብ በሦስቱም እኩል ወጥቷል። የጋባርዲኑን ግን እንደተባለው ጥቂት ማስጠጋት አስፈልጎታል። አቅጣጫውን ማፈራረቁም ጉብጠቱን አጥፍቶታል ማለት ይቻላል።

አሁን የቀሩን ሁለት ክርክሮች ናቸው። አንደኛው ስለ መተኮስ ነው፤ የስፌቱን ትርፍ ከፍተን በሁለት ወገን እናስተኛው ወይስ ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን? ሁለተኛው ስለ መቁረጥ ነው፤ መቀስ ሲያደክመን ጨርቁን መቅደድ ጀምረናል፣ አንዷ ባልደረባችን ግን አልወደደችውም።

የእግር መኪና (አዳማ)

የስፌት ትርፍ ይከፈታል፤ በሱሪም በኮትም የምናደርገው ይኸው ነው። ወደ አንድ ወገን ከተኛ ሁለት ድርብ ይሆንና በጋባርዲን ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። ስለ መቅደድ ደግሞ፣ የጨርቅ ነጋዴ አቡጀዲውን በመቀስ ጫፍ ነከስ አድርጎ ጭርር ሲያደርገው አይታችሁ የለም? ቀዳዳው ማጉን ተከትሎ ስለሚሄድ ከማንኛውም መቀስ ይልቅ ቀጥ ይላል። እኔ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እቀዳለሁ።

አቡጀዲ (ሐዋሳ)

በሁለቱም ከጋሼ ጋር በአክብሮት እለያለሁ።

መቅደድ ቀጥ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሲቀደድ ዳሩ ይለጠጣል፣ ፈትሉም ይበተናል። የተቀደደ ጥብጣብ ከጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ዳሩ እንደ ማዕበል ሲያጥፍ ታያላችሁ፤ ከየዳሩ እስከ 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ሽመናው ላልቶ ይቀራል። የስፌታችሁ ትርፍ 7.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ከዚያ ውስጥ ይህን ያህሉ የላላ ከሆነ፣ የጨርቁን ዳር በፕላስተር ላይ የምታስደግፉት በምን እምነት ነው? ጨርቁን ለማቃናት አንድ ጊዜ ቅደዱ፣ ተኩሱት፣ ከዚያ ያንን ቀጥ ያለ መስመር መነሻ አድርጋችሁ ጥብጣቡን በማስመሪያና በመቁረጫ ቁረጡ። ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ክብና ተሽከርካሪ ቢላ ይህን ሥራ በብዙ አቅልሎታል፤ እሱ ባይገኝም የሳለ መቀስና በስስ ሳሙና የተሰመረ መስመር ይበቃሉ። ምርጫ ካላችሁ ጥብጣቡን በድሩ አቅጣጫ፣ ማለትም ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ በማጉ አቅጣጫ ከተቆረጠው ያነሰ ይሳባል። በሰያፍ የተቆረጠ ቁራጭ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በተኮሳችሁት ቁጥር መልኩን ይቀይራል።

ስለ መተኮስ፣ ትርፉ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ጠቆረው ጨርቅ ይተኛ። አንደኛ፣ ነጣ ካለ ጨርቅ ሥር የጠቆረ ትርፍ ከተኛ በፊት በኩል ጥላው ይታያል። ሁለተኛ፣ የተከፈተ ስፌት ሲሳብ ክሩ ብቻ ነው የሚሸከመው፤ አልጋ ልብስ ደግሞ ታጥቦ ይጨመቃል፣ ልጆችም ይጎትቱታል። ሦስተኛ፣ ሁለት ስፌቶች በሚገናኙበት ቦታ የአንዱ ትርፍ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ከተኛ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ያለ መርፌ ቁልፍ እንኳ መገናኛው አይንሸራተትም።

አተኳኮሱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጥብጣቡን ሳትከፍቱት በፊት ስፌቱ ላይ ካውያውን አሳርፉ፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይሰምጣል። ከዚያ ክፈቱና ከፊቱ በኩል ካውያውን እያነሣችሁ አሳርፉት። እንደ ሸሚዝ ወዲያና ወዲህ ከጎተታችሁት፣ በተለይ ውኃ ረጭታችሁ ከሆነ፣ በስፌት ያገኛችሁትን ልክ በካውያ ታጡታላችሁ። የከሰል ካውያ ለዚህ የሚመች በክብደቱ ነው፤ መብራት በጠፋ ጊዜ የእኛ ቤት ሥራ አይቆምም፣ አመዱን ብቻ ጠንቀቅ ማለት ነው።

ሴንቲ ሜትር (አዳማ)

በመተኮሱ ክርክር ሁለታችሁም ያላነሣችሁት ነገር አለ። ካሬው አንዱ ቁም፣ ቀጣዩ አግድም ሆኖ ሲደረደር፣ የአንዱ ካሬ የውስጥ ስፌት የሚያርፈው በጎረቤቱ ካሬ ድፍን ጥብጣብ ላይ ነው። የውስጥ ስፌቶች እርስ በርሳቸው አይገናኙም፤ የሚገናኙት አራት ካሬዎች በሚጋጠሙበት ማዕዘን ላይ ያሉት ስፌቶች ናቸው። ስለዚህ በወፍራሙ የዩኒፎርም ጨርቅ የውስጡን ስፌት እንደ ጋሼ ከፍታችሁ፣ ካሬና ካሬን የሚያያይዘውን ስፌት ደግሞ እንደ እህታችን በአንዱ ረድፍ ወደ ግራ፣ በቀጣዩ ረድፍ ወደ ቀኝ ብታስተኙት የሚጣላ ነገር የለም።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ደግሞ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ካለው ከሦስት ጥብጣብ ከተገጠመ ጨርቅ 16.5 በ16.5 የሆነ አምስት ካሬ ይወጣል። ካሬው ከተጋጠመ በኋላ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ 1.50 ሜትር በ1.95 ሜትር ለሆነ አልጋ ልብስ 10 በ13፣ ማለትም 130 ካሬ ያስፈልጋል፤ ይህም 26 የተገጠመ ጨርቅ ወይም 78 ጥብጣብ ነው። ካሬውን ለመቁረጥ ካርቶን አብነት አትጠቀሙ፤ በመቁረጫ ጠርዙ እየተበላ ይጠብባችኋል። መስታወት ቆራጭ ዘንድ 16.5 በ16.5 አስቆርጣችሁ ጠርዙን አስሞርዱት፤ ከሥሩ ያለውን ስፌትም ያሳያችኋል።

አጫጭር ቁራጭ ከበዛባችሁ ሎግ ካቢን (የግንድ ቤት) የሚባለውን አሠራር ሞክሩ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ ከመሃል ካለች ትንሽ ካሬ ተነሥቶ ጥብጣቡ ዙሪያዋን እየጠመጠመ ይሄዳል። የመሃሏ ካሬ በልማድ ቀይ ትሆናለች፤ የቤቱ ምድጃ ናት ይላሉ። ሁለቱ ተጎራባች ጎኖች በነጣ፣ ሁለቱ በጠቆረ ጨርቅ ስለሚሰፉ ካሬው በሰያፍ ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጥላ ይሆናል። መሃሏን በ6.5፣ ጥብጣቡን በ4 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጡ፣ የመጀመሪያው ዙር ጥብጣቦች ርዝመት 6.5፣ 9፣ 9 እና 11.5 ይሆናል፤ ሁለተኛው ዙር 11.5፣ 14፣ 14 እና 16.5፤ ሦስተኛው 16.5፣ 19፣ 19 እና 21.5። በድምሩ ለአንድ ካሬ 168 ሴንቲ ሜትር ጥብጣብ ይሄዳል፤ ሲጋጠም 20 በ20 ነው። እዚህ ላይ ግን የፕላስተሩ ነገር ሦስት እጥፍ ይከብዳል፤ በአንድ አቅጣጫ ስድስት ስፌት ስላለ በየስፌቱ 1 ሚሊ ሜትር ያሳለፈች ሰፊ ካሬዋ በ12 ሚሊ ሜትር ያንስባታል። ጥብጣቦቹን አስቀድሞ በርዝመታቸው መቁረጥ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ጥብጣቡ ከካሬው ጎን ጋር እኩል ካልመጣ ስሕተቱ እዚያው ይታወቃል።

አቡጀዲ (ሐዋሳ)

የወንድማችንን ማስታረቂያ ተቀብያለሁ፤ ለጋባርዲን ብቻ ግን።

የጨርቅ መቀላቀልን ጉዳይ ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። ፖፕሊን፣ ቴትሮንና ጋባርዲን በአንድ ካሬ ውስጥ ሲገቡ ጥጡ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ፖሊስተሩ ባለበት ይቀራል፤ ካሬው ከታጠበ በኋላ ይጨማደዳል። ምኑ ምን እንደሆነ ለመለየት ከዳሩ ጥቂት ክር ነቅላችሁ በክብሪት አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል፤ ቅይጡ ሁለቱንም ያሳያል። ጥጥና ቅይጥ ጨርቅን በየጆንያው ለይቶ ማስቀመጥ ቀላሉ መንገድ ነው። ጥጡን ከመቁረጥ በፊት አጥባችሁ ተኩሱት።

መለየት ለማይቻለው፣ ስፋቱም ለተዘበራረቀው ቁራጭ፣ የአቡጀዲ መደብ ላይ መስፋትን የመሰለ የለም። አቡጀዲው ስታርች ስላለበትና ስለሚሰበሰብ አስቀድሞ ይታጠባል፤ ከዚያ ከሚፈለገው ካሬ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር አስበልጣችሁ ቁረጡት። የመጀመሪያውን ቁራጭ በሰያፍ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙ። ሁለተኛውን ፊቱን ከፊቱ ጋር አጋጥማችሁ ዳሩ ላይ ከአቡጀዲው ጋር አብራችሁ ስፉ፤ ገልብጡት፣ ተኩሱት፤ ሦስተኛውን ቀጥሉ። ካሬው ሲሞላ ገልብጣችሁ በመስታወቱ ልክ ከርክሙት። ጨርቁ ቢሳብም ባይሳብም መደቡ ይይዘዋል፤ የጥብጣቡ ስፋት መለያየትም ጉዳት የለውም። እንዲያውም በአሜሪካ አላባማ የጊስ ቤንድ መንደር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ሰፍተዋቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የታዩት የአልጋ ልብሶች ውበታቸው ያለው በዚሁ በተዘበራረቀ ስፋት ላይ ነው። ከደንበኛ ፊት ድሪቶ እንዳይመስል የሚያደርገው፣ በእኔ እይታ፣ በሁሉም ካሬ ውስጥ አንድ የማይለወጥ ቀለም መኖሩ ነው፤ የሰያፏ የመሃል ቁራጭ ሁልጊዜ ነጭ ወይም ሁልጊዜ ሰማያዊ ትሁን።

ድርና ማግ (ሐዋሳ)

በጣም አመሰግናለሁ። መስታወቱን አስቆርጠናል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ከሐበሻ ቀሚስ የሚተርፍ የጥበብ ቁራጭ አለን፤ በመሃለኛው ጥብጣብ ቦታ ብናስገባው ያምር ነበር፣ ሽመናው ግን በመቀስ ሲነካ ይፈታል። ሌላው ስለ ገበርና ስለ ሙሌት ነው፤ በሐዋሳ አየር ሙሌት ያስፈልገዋል ትላላችሁ?

የመስመር ሰፊ (ሐዋሳ)

ለጥበቡ፣ 6.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የታጠበ አቡጀዲ ከጀርባው አስደግፋችሁ፣ ጥበቡን ገና ሳትቆርጡት ግራና ቀኙን ከአቡጀዲው ዳር 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉት፤ ከዚያ ብቻ በአቡጀዲው ልክ ቁረጡት። ያ ስፌት በኋላ በሚመጣው በ7.5ቱ ትርፍ ውስጥ ስለሚደበቅ አይታይም፤ ሽመናውም አይፈታም። አስቀድማችሁ ቀለሙን ፈትሹ፤ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ስታሹት ቀለም ከተወ ከነጩ ጋር አታጋጥሙት።

አቡጀዲ (ሐዋሳ)

ለሐዋሳ ሙሌት አያስፈልግም፤ ገበር ብቻ ይበቃል። ለደጋ አገር ደንበኛ ከሆነ ስስ ብርድ ልብስ መሃል አስገቡ። ባዘቶ ማስገባት የሚያምራችሁ ከሆነ ግን ከ10 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት እየተያያዘ ካልተሰፋ በእጥበት ተሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ይቆለላል።

ለዚያ 130 ካሬ ላለው አልጋ ልብስ፣ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አቡጀዲ 4.5 ሜትር ግዙ፤ አጥባችሁ ለሁለት ቁረጡና ጎን ለጎን ግጠሙት። ገበሩን ከላይኛው በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር አስበልጣችሁ ከከረከማችሁ፣ ያንን ትርፍ ግማሹን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ፣ ቀሪውን በላይኛው ዳር ላይ ገልብጣችሁ ስትሰፉት ጠርዙ ለብቻው ጥብጣብ ሳያስፈልገው ያልቃል። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን እንዳይንሸዋረሩ በየማዕዘኑ መገናኛ በወፍራም የጥጥ ክር ቋጥሯቸው፤ 10 በ13 ለሆነው 108 ቋጠሮ ይሆናል።

የእግር መኪና (አዳማ)

ቋጠሮው ድርብ ይሁን፤ ጫፉንም ከ1.5 ሴንቲ ሜትር አታሳጥሩት፣ ያለዚያ በእጥበት ይፈታል።